የተከፈለ ዱቤ ይሰረዛል፤ መዝገቡ ግን አይቀደድም

(በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው እንድንናገርበት የሰጠን ርእስ "ሰው በኢንተርኔት ላይ የቀረውን ያለፈ ነገሩን የመሰረዝ መብት ሊኖረው ይገባል ወይ?" የሚል ነው። ርእሱ ሲመረጥ "ይህስ ለሕግ አዋቂ ወይም ለኮምፒውተር ባለሙያ ይሰጥ እንጂ ለነጋዴ ምኑ ነው?" ያሉ ወንድሞች ነበሩ። ነገር ግን ጉዳዩ የእኛው ነው። ስደተኛ በደረሰበት አገር ኑሮውን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ በስልክ ውስጥ የቀረው የድሮ ፎቶውና ጽሑፉ ግን አይለቀውም። ካርቱም የተነሣው ፎቶ ሪያድ ድረስ ይከተለዋል። በ18 ዓመቱ የጻፈው ነገር በ40 ዓመቱ ኤምባሲ በር ላይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጠበቃ ከመናገሩ በፊት እኛው ብንነጋገርበት ይሻላል ብለን ይህን አቅርበናል።

ድሮ እንዴት ነበር?

በመካከላችን በደርግ ዘመን በመተማና በሑመራ በኩል ወደ ሱዳን የገቡ አባቶችና እናቶች አሉ። እነርሱ እንደሚነግሩን በዚያን ጊዜ ከካርቱም ወደ አገር ቤት የሚላክ ደብዳቤ በታመነ ሰው እጅ ይሄድ ነበር። ተቀባዩ አንብቦ ሲጨርስ ለቤተሰቡ ጣጣ ያመጣል ብሎ ከሠጋ ምድጃ ውስጥ ይከተዋል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ድምፅ በካሴት ተቀርጾ ሲላክም ከተሰማ በኋላ ሌላ ይቀረጽበታል። ፎቶግራፍም ቢሆን ፎቶ ቤት ተሂዶ ሁለትና ሦስት ቅጂ ብቻ የሚታጠብ ነበር። ማን ዘንድ እንዳለ ይታወቃል፤ ሲያስፈልግም ሄዶ "መልስልኝ" ማለት ይቻላል።

ዛሬ ግን ሰው የለጠፈውን ፎቶ ራሱ ቢያጠፋው እንኳ አንዱ ስክሪንሹት አንሥቶታል፣ ሌላው ወደ ቴሌግራም አዛውሮታል፣ ሌላው በፍላሽ ይዞታል። ወደ ማን ደጃፍ ተሂዶ ይለመናል?

አባቶቻችን በዚህ ነገር ላይ ሁለት ትምህርት ትተውልናል። አንደኛው "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" የሚለው ነው። ቃል የገባ፣ የመሰከረ ወይም የተበደረ ሰው "አላልሁም" ብሎ ማምለጥ የለበትም ማለት ነው። ሁለተኛው የሽምግልና ደንብ ነው። የተጣሉ ሰዎች ካሳ ተከፍሎ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ከተባባሉ በኋላ ያንን ነገር በሠርግ ወይም በለቅሶ መካከል መልሶ የሚያነሣ ሰው እርሱ ራሱ ጥፋተኛ ይሆናል። ክርስቲያኑ ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይናገራል፤ የንስሐ አባትም ምስጢር አያወጣም። ሙስሊሙም የወንድሙን ነውር መሸፈን ትልቅ ምግባር መሆኑን ይማራል፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን በየንግግራቸው "ረቢና ዩስቱር" ሲሉ ፈጣሪ ገመናችንን ይሸፍንልን ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ያልተከፈለ ነገር አይረሳም፤ የተከፈለ ነገር ደግሞ አይነሣም። ሁለቱ ተጣምረው ሲኖሩ ሰው ከሰው ጋር ይኖራል። ኢንተርኔት ያፈረሰብን ሁለተኛውን ነው።

የአንድ ስፔናዊ ዕዳ

በዚህ ጉዳይ በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው ክርክር የተነሣው ከዕዳ መሆኑ እኛን ባለ ሱቆችን ይመለከተናል። ማሪዮ ኮስቴሃ ጎንሳሌስ የሚባል ስፔናዊ ለማኅበራዊ ዋስትና መክፈል የነበረበት ገንዘብ ተወዝፎበት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ንብረቱ በሐራጅ እንደሚሸጥ ላ ቫንጓርዲያ በሚባለው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ጉዳዩም በጊዜው እልባት አገኘ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ግን ሰው ስሙን ጉግል ላይ ሲጽፍ ያው የሐራጅ ማስታወቂያ ይመጣ ነበር። ሰውየው አቤት አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2014 ፈረደለት። ጋዜጣው በጊዜው ያተመው በሕግ ስለነበር አልተነካም። ጉግል ግን ሰው በስሙ ሲፈልገው ያንን ጊዜው ያለፈበት ነገር ማምጣቱን እንዲተው ታዘዘ። ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ባለሥልጣንን የሚመለከት፣ ነገሩ እንደሚለይ ፍርድ ቤቱ ጨምሮ ተናግሯል።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሱዳኖች ጀሩራ የሚሉት የዱቤ ደብተር በየሱቃችን የነበረ ነው። ደንበኛው ሲከፍል በሒሳቡ ላይ መስመር እናሰምራለን። ገጹን ግን አንቀድም። ምክንያቱም በገጹ ጀርባ የሌላ ሰው ሒሳብ አለ፤ ነገ "አልከፈልክም" የሚል ክርክር ቢነሣም ያ የተሰመረበት ገጽ ለከፋዩ ለራሱ ምስክሩ ነው። ደብተሩ ከባንኮኒው ሥር ይቀመጣል። ከአሥር ዓመት በፊት ስኳርና ዘይት በዱቤ ወስዶ የከፈለን ሰው ስም በሱቁ በር ላይ የሚለጥፍ ነጋዴ ቢኖር ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይታዘበዋል። የአውሮፓው ፍርድ ቤት ያለው ይኸንኑ ነው። ደብተሩ ይቀመጥ፣ በር ላይ ግን አይለጠፍ።

ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ በ17ኛው አንቀጹ ሰው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃ እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። በአገራችንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ እንዲታረምና እንዲሰረዝ የመጠየቅን መብት አካቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ መልካም ጅምር ነው።

ሆኖም ሕጉ ስደተኛ ዘንድ ሲደርስ ክንዱ ያጥራል። ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 በሰጠው ሌላ ፍርድ ጉግል በአውሮፓ ያነሣውን በመላው ዓለም እንዲያነሣ የአውሮፓ ሕግ አያስገድደውም ብሏል። ስለዚህ ስዊድን ወይም ጀርመን የሚኖር ወንድማችን አመልክቶ የተነሣለት ነገር በካርቱም ወይም በአዲስ አበባ ስልክ ላይ መውጣቱን ሊቀጥል ይችላል። ፎቶው የተነሣው ካርቱም፣ የለጠፈው ሰው ሊቢያ፣ ባለቤቷ ቤይሩት፣ ኩባንያው አሜሪካ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ አቤቱታው የትኛው ችሎት ይቀርባል?

በካርቱም የተያዘው ሰው

ከራሳችን ከተማ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 አንድ ኤርትራዊ ስደተኛ ካርቱም ውስጥ ተያዘ። ስሙ መድኃኔ ተስፋማርያም በርሀ ይባላል። በሚቀጥለው ወር ወደ ጣሊያን ተላከ። የጣሊያን ዐቃቤ ሕግና የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ድርጅት "ጄኔራሉ" የሚባለውን ትልቁን የሰው አሻጋሪ መድኃኔ ይሕደጎን ያዝን ብለው ለዓለም አስታወቁ። ሰውየው ከአውሮፕላን ሲወርድ የተነሣው ምስል በየአገሩ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ወጣ።

አሻጋሪውን የሚያውቁ ሰዎች ግን ወዲያው "ይህ እርሱ አይደለም" አሉ። በስም ከመመሳሰል በቀር አናጢ ነበር። ክርክሩ ሦስት ዓመት ፈጀ። በችሎቱ ላይ የፌስቡክ አካውንቶች፣ ፎቶዎችና የስልክ ንግግሮች ከሁለቱም ወገን በማስረጃነት ቀረቡ። የአሻጋሪው ልጅ የዘር ምርመራም ተደረገ። በመጨረሻ የፓሌርሞ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2019 የታሰረው ሌላ ሰው መሆኑን ወሰነ። ዘመዱ ወደ ሊቢያ እንዲሄድ ረድቷል በሚል በቀለለ ክስ ቢቀጣም ወዲያው እንዲለቀቅ ታዘዘ።

ይህ ታሪክ የርእሳችንን ሁለት ገጽ ያሳያል። በአንድ በኩል "ጄኔራሉ ተያዘ" የሚለው የመጀመሪያው ዜና ከነምስሉ ተሠራጭቷል። ሥራ የሚፈልግ፣ ቤት የሚከራይ፣ ሚስት የሚያጭ ሰው ስሙ ሲጻፍ ያ ምስል ቢመጣበት እንዴት ይኖራል? ይህ ከበር ላይ መነሣት ያለበት ነው። በሌላ በኩል ግን ያዳነው ምንድን ነው? የተቀመጠ ማስረጃ ነው። ፎቶው፣ የፌስቡክ ጽሑፉ፣ የችሎቱ መዝገብ ሁሉ ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ "እኔ እርሱ አይደለሁም" ማለቱን ማን ያምነው ነበር? የተሰመረበት ገጽ ለከፋዩ ምስክር ነው ያልነው ይህንን ነው።

ጦርነቱ ያስተማረን

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ስዑር ነበር። ክርስቲያኑ ለፋሲካ ሲዘጋጅ፣ ሙስሊሙ የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት ሲጾም በካርቱም ተኩስ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ከዴም፣ ከጅሬፍና ከሰሃፋ ተነሥተን ወደ መዳኒ፣ ወደ ገዳሪፍና ወደ ገላባት ስንወጣ በየኬላው የታጠቁ ሰዎች ስልክ እየተቀበሉ ዋትስአፑንና ፎቶውን ይከፍቱ ነበር። የአንዱ ወገን ወታደር ፎቶ ወይም የሌላው ወገን ቪዲዮ የተገኘበት ሰው ይደበደባል፣ ይታሰራል፣ ከዚያም የከፋ ይደርስበታል። ስለዚህ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ስልኩን ባዶ አደረገ። አስጊውን ከማያስጋው ለመለየት ጊዜ ስላልነበረ የልጅ ክርስትና ፎቶ፣ የሞተች እናት ድምፅ፣ የመታወቂያ ወረቀት ምስል አብሮ ጠፋ። ያን ጊዜ መሰረዝ ነፍስን ማትረፊያ ነበር፤ "መብት አለኝ ወይ?" ብሎ የጠየቀ የለም።

ወዲያውም ቤትና ሱቅ ተዘረፈ። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም እንኳ አልተረፈም። የማኅበራችን የወረቀት መዝገብ፣ የዕድርና የዕቁብ ደብተር፣ በየቤታችን የነበረው የፎቶ አልበም የት እንደገባ አይታወቅም። የተረፈው ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈው ነው። በዚህ መጽሔት ውስጥ የምታዩአቸው አብዛኞቹ ፎቶዎች የተገኙት ከማኅበሩ የፌስቡክ ገጽና አባላት በቴሌግራም ከተላላኩት ነው። እንግዲህ "ሁሉም ሰው የፈለገውን ሁሉ ይሰርዝ" ብለን ብንወስን የብዙ ዓመት ታሪካችን አብሮ ይሰረዛል።

መጽሔቱ ሲዘጋጅ ኮሚቴውን ያከራከረ አንድ ፎቶ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በእንቁጣጣሽ በዓል የተነሣ የወጣቶች ፎቶ ነው። በፎቶው ውስጥ ያለች አንዲት እኅታችን ዛሬ በሌላ አገር ትዳር መሥርታ ትኖራለች። የካርቱም ኑሮዋን ማንም እንዲያነሣባት አትፈልግም። ፎቶው ከገጹ እንዲነሣ፣ በመጽሔቱም እንዳይወጣ ጠየቀች። በዚያው ፎቶ ላይ ከኋላ የቆመ አንድ ወጣት አለ። ወደ ሊቢያ ሲሄድ በረሃ ላይ የቀረ ልጃችን ነው። ቤታቸው ሲዘረፍ ሌላው ፎቶው ሁሉ ስለጠፋ እናቱ በዓይናቸው የሚያዩት ይህ ብቻ ቀርቷቸዋል። እርሳቸውም ፎቶው እንዳይነካ ለመኑ።

ከኮሚቴው አንዳንዱ "ፎቶው የማኅበሩ ነው፤ ማንም ሊያዝበት አይችልም" አለ። ሌላው "ሴቲቱ ጠይቃለች፤ ከነጭራሹ ይጥፋ" አለ። በመጨረሻ የተወሰነው እንዲህ ነው። ፎቶው ከፌስቡክ ገጹ ተነሣ። ያልተቆረጠው ዋናው ቅጂ በማኅበሩ ፍላሽ ላይ ተቀመጠ። የልጁ ምስል ለብቻው ተቆርጦ፣ ታጥቦ ለእናቱ ተሰጠ፤ በመጽሔቱም የወጣው በዚያ መልክ ነው። እናቱ ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር የሚስቅበት ሙሉው ፎቶ ስላልወጣ ደስ አላላቸውም። ማዘናቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን በሕይወት ያለ፣ ጉዳት ሊደርስበት የሚችል ሰው ጥያቄ ይቀድማል በሚለው ተስማምተናል።

ሌላ ሰው የለጠፈብን

እስካሁን የተናገርነው በአብዛኛው በፈቃዳችን ስለተነሣነውና ስለጻፍነው ነው። ከዚህ የከበደው ሌላ ሰው የሚለጥፍብን ነው።

አለም ደቻሳ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2012 ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ስትደበደብና እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትገባ የሚያሳየው ቪዲዮ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት ወጣ። መጋቢት 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ጉዳዩ በየአገሩ የታወቀውና ሰው የጮኸው በዚያ ቪዲዮ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቪዲዮው መኖሩ ጠቅሟል። ነገር ግን ልጆች ስልክ ከፍተው የእናታቸውን የመጨረሻ ቀናት እንደዚያ ማየት አለባቸው ወይ? ማስረጃው በፍርድ ቤትና በመብት ተሟጋቾች እጅ ይቆይ። እኛ ግን ለማልቀስ ብለን በየዓመቱ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ባናዛውረው ይሻላል።

ከዚህም የባሰ አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ በጦርነቱ ጊዜ ስማቸውና ፎቶአቸው ከክስ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም ማዕረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለፌስቡክ አመልክቶ እንደነበር፣ መልስ የመጣለት ግን አባቱ ከሞቱ በኋላ መሆኑን በመግለጽ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከሰሰ። ኩባንያው "የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም" ብሎ ቢከራከርም ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ብሏል።

በመካከላችን የልዩ ልዩ ብሔረሰብ ልጆች አለን፤ በጦርነቱም ሁሉም ቤት ኀዘን ገብቷል። ይህን ያነሣነው አንዱን ወገን ለመውቀስ አይደለም። የዘገየ ስረዛ እንዳልተሰረዘ የሚቆጠርበት ጊዜ መኖሩን ለማሳየት ነው። በአገራችን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዲህ ያለ ነገር ጥቆማ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ ከኩባንያዎች ይጠብቃል። ሕግ 24 ሰዓት ቢልም ነፍሰ ገዳይ 24 ሰዓት አይጠብቅም። ስለዚህ የሰው ስም፣ ፎቶና ሰፈር አንድ ላይ ተለጥፎ ሲመጣልን ሳናዛውር በእኛ እጅ ማቆም የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው።

ሊሰረዝ የማይገባው

"መሰረዝ መብት ነው" ሲባል ከሁሉ በፊት ደስ የሚለው ሰው ማን እንደሆነ እናስብ። ከአሥር ሰው ገንዘብ ተቀብሎ በረሃ ላይ የበተነ ደላላ፣ ስሙን ለውጦ በሌላ ከተማ እንደገና ሥራ ሊጀምር ይፈልጋል። ትናንት "እነ እገሌ ይጥፉ" ብሎ የጻፈ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ ሊቀመጥ ይፈልጋል። የእነዚህ ሰዎች ሒሳብ አልተከፈለም። ያልተከፈለ ዱቤ ደግሞ በደንበኛው ጥያቄ አይሰረዝም።

የካርቱም ወጣቶች ይህን በሥራ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2019፣ በረመዳን ማብቂያ ላይ፣ በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ተቀምጠው የነበሩ ሰልፈኞች በኃይል ተበተኑ፣ ብዙዎች ተገደሉ። ኢንተርኔት ተቆረጠ፤ የተመለሰውም ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ በጁላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጆቹ በስልካቸው የቀረጹትን ይዘው ቆዩ፤ መስመሩ ሲከፈት አወጡት። የዚያን ቀን ድርጊት መካድ ያልተቻለው በእነርሱ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ማጥፋት ለበዳዩ ማገዝ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ነው። የሚሰረዘው ነገር የማን ነው? ሲሰረዝ የሚድነው ማን ነው? የሚጎዳውስ ማን ነው? የራስን ኀፍረት መሸፈን ተገቢ ነው። የሌላውን በደል መሸፈን ግን አይገባም።

ምን እናድርግ?

የዓለም ሕግ እስኪደርስልን ድረስ በቤታችንና በማኅበራችን ልናደርገው የምንችለውን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ሳናስፈቅድ አንለጥፍ። በተለይ የሕፃናትን፣ በሰው ቤት የምትሠራ እኅትን፣ በመንገድ ላይ ያለ ስደተኛን ፎቶ። "በዓል ስለሆነ ነው" ማለት ፈቃድ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ "ፎቶዬ ይነሣልኝ" ያለን ሰው ምክንያቱን አናስጨንቀው። ማኅበሩ አንዲት ሴት የሚገኙባቸው ሦስት ሰዎች ይምረጥ፤ ጥያቄው በደረሰ በሦስት ቀን ውስጥ ከገጹ ያንሡ። ዋናው ቅጂ ግን በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ለታገተ ልጅ ማስለቀቂያ ስናሰባስብ ታስሮና ተደብድቦ የሚያሳየው ምስል ይለጠፋል። ልጁ ከተለቀቀ በኋላ ግን ማንም አያወርደውም። ሰውየው ነጻ ወጥቶ ምስሉ ታስሮ ይቀራል። ማሰባሰቡን የጀመረው ሰው ልጁ በተለቀቀ ቀን ምስሉን ያውርድ፣ ሌሎችም እንዲያወርዱ ያስታውቅ።

አራተኛ፣ ስልክ ስንሸጥ ወይም ስናስጠግን ፎቶ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የጠፋ ፎቶ በባለሙያ እጅ ሊመለስ ይችላል። አካውንቶቹን አስወጥተን፣ ሚሞሪ ካርዱን አውጥተን፣ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርገን እንስጥ።

አምስተኛ፣ ፌስቡክን ለጊዜው መዝጋትና ለዘለቄታው ማጥፋት የተለያዩ ናቸው። ለጊዜው የተዘጋው ነገር ሁሉ በቦታው አለ። ለዘለቄታው ይጥፋ ሲባልም 30 ቀን ለመመለስ ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያም መረጃው ከማከማቻው ተጠርጎ እስኪወጣ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ከማጥፋታችን በፊት የቤተሰብ ፎቶዎችን ወደ ፍላሽ እንገልብጥ።

ስድስተኛ፣ ልጃገረድን በገላዋ ፎቶ የሚያስፈራራ ሰው ሲመጣ ገንዘብ አይከፈለው፤ የከፈለ ደግሞ ይጠየቃል። የላከው መልእክትም አይጥፋ፤ ከነስልክ ቁጥሩና ከነቀኑ ይቀመጥ። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባለው ነጻ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ፎቶውን ከስልኳ ሳያወጣ የፎቶውን ዲጂታል አሻራ ብቻ ወስዶ ፌስቡክን ለመሰሉ ተባባሪ ኩባንያዎች ያስተላልፋል፤ እነርሱም ፎቶው እንዳይለጠፍ ለማገድ ይጠቀሙበታል። አገልግሎቱ 18 ዓመት ለሞላቸው ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ስትነግራችሁ መጀመሪያ አትቆጡ። ከእናንተ የፈራች ልጅ ለአስፈራሪው ትገዛለች።

ሰባተኛ፣ የአሜሪካ ቪዛ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አመልካቹ ስለተጠቀመባቸው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶች ይጠይቃል። "አካውንት አልነበረኝም" ብሎ መዋሸት ከአሮጌ ፎቶ የበለጠ ይጎዳል።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ብዙዎቻችን ካርቱም የገባነው አንድ ነገር ከኋላችን ትተን ነው። አንዱ ድህነትን፣ አንዱ ጦርነትን፣ አንዱ የተበላሸ ትዳርን። ይህች ከተማም ለረጅም ዘመን "ማን ነህ? ከየት መጣህ?" ብላ ሳታስጨንቀን አኖረችን። እኛም እርስ በርሳችን እንዲሁ እንሁን። ሒሳቡን የዘጋን ሰው በአሮጌ ገጽ አንክሰሰው። ሒሳቡን ያልዘጋውን ደግሞ እንዲዘጋ እንጠይቀው። የሞቱትንና በመንገድ የቀሩትን ግን ከመዝገባችን አንፋቃቸው።

ለኢትዮጵያም ለሱዳንም ሰላም ያውርድልን።